አይዞሽ ያለችኝ አፍ

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡15

እንቅልፍ 7 ሰዓት። ኪኒን ወስጃለሁ። ስሜት፦ ደኅና፤ ትንሽ መቸኮል።

ዘጠኝ ዩኒፎርም ተዘምዝሟል። አሥራ አንድ ይቀራል። ክሩ ይበጠሳል፤ መርፌ ቀይሬም አልተወም። ሱቅ ማልጄ ገባሁ። ደሴ ዛሬ ጭጋግ ብቻ ናት፤ ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘይነባ እንኳ ገና አልከፈተችም።

እትዬ ወይንሸት 1፡10 ላይ ደወለች። እንደ ሁልጊዜው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ክረምት ከበጋ፣ አንድ ጠዋት አጉድላ አታውቅም። እንዴት አደርሽ። ስንት ሰዓት ተኛሽ። ኪኒንሽን ዋጥሽ ወይ። ከዚያ ከዳዊት ጥቂት ታነብልኛለች። ከዚያ፦ አይዞሽ፣ አንቺ ድነሻል፣ ያ ነገር አልፏል። ትዘጋለች። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ቀኔ የሚቆመው ግን በዚያች ላይ ነው።

ስለ ደረጀ አነሳሁባት። እሑድ ሳምንት ሽማግሌ ይልካል። እሱ ግን እስከ አሁን አያውቅም። መታመሜን፣ ሆስፒታል መተኛቴን፣ ዛሬም ድረስ ኪኒን እንደምውጥ፣ ምኑንም አያውቅም። ልንገረው አልኳት። ይኼ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። አሁን አይሆንም አለች። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ ነገሩ መልክ ይያዝ፤ ከዚያ አብረን እንነግረዋለን፣ እኔ ራሴ አስረዳዋለሁ። አትቸኩዪ።

እሺ አልኳት። እሷን እምቢ ብዬ አላውቅም።

ደብተሬ፣ አንቺን የሰጠኝ ሐኪሙ ነው። እንቅልፍሽንና ኪኒንሽን ብቻ ጻፊ ብሎኝ ነበር። ሌላውን ሸክም የጫንኩብሽ እኔ ነኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡00

እንቅልፍ 7 ተኩል። ኪኒን አዎ። ስሜት፦ ደስታ፣ ከሥሩ ግን የሚቆጠቁጥ ነገር አለ።

ደረጀ ከኮምቦልቻ መጣ። ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ያርፋል። ምሳ በላን። ሱቄ ገብቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ የላላውን ሶኬት ፈትቶ ሠራልኝ። ወሬ አያበዛም። ደስ የሚለኝም ለዚያ ነው። እናቱ ሐርቡ ሆነው ጥያቄ አበዙ አለና ሳቀ። የማን ልጅ ናት፣ የት ትሳለማለች፣ ማን ያውቃታል።

ማታ ማታ ለምን ቶሎ ስልክ እንደምዘጋ ጠየቀኝ። ሥራው ያደክመኛል አልኩት። ኪኒኑ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። እንግዲህ ይኼ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው። እዚህ ተጽፎ ይቀመጥ።

ሲሄድ የዛሬ ስድስት ዓመቱ መጣብኝ። እንቅልፍ ከጠፋኝ አሥራ አንድ ቀን ሆኖኝ ነበር። ሰዎች ልብሳቸው ውስጥ ስሜን ሰፍተውበታል ብዬ አመንኩ። ሱቅ ያለውን የሰው ልብስ ሁሉ በመቀስ ቆራረጥኩት። ሙሽራ የምትለብሰው ቀሚስ ጭምር። ሰው በር ላይ ተሰብስቦ ያየኛል፤ አንድም የሚገባ የለም። የገባችው እትዬ ወይንሸት ናት። ያኔ በአቡዬ ማኅበር ከሩቅ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንተዋወቀው። መቀሱን ከእጄ አልነጠቀችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ «እኔም ልቁረጥ?» አለችኝ። ራሴው ሰጠኋት።

ጠበል ይዛኝ የሄደችው እሷ ናት። ጠበል ላይ ሳለሁ ፀጉሬን አጥባ ታደርቅልኝ የነበረችው እሷ ናት። እማን አሳምና ሆስፒታል ያስገባችኝም እሷው። ይኼን የምጽፈው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስለምወዳት ይሆናል።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ቀን 7፡30

እንቅልፍ 7። ኪኒን አዎ።

የሐኪም ቀጠሮ። ወንበሩ ላይ አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ተቀምጣለች። ሰናይት ትባላለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከኮምቦልቻ ነው የመጡት። ከተኛችበት ሆስፒታል ከወጣች ገና ሁለተኛ ወሯ። ነጠላዋን አፏ ድረስ ስባዋለች። አባቷ ካርድ ሊያወጡ ሲሄዱ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ሰው ልትጠይቂ ነው?» አለችኝ። ለራሴ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ቦርሳዬን ከፍቼ ኪኒኑን አሳየኋት። ከሷ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደችው።

ሥራ እንዳለኝ፣ ሱቅ እንዳለኝ፣ ሽማግሌ ሊመጣልኝ እንደሆነ ነገርኳት። ዓይኗ ላይ የሆነ ነገር በራ። አይዞሽ አልኳት፣ ትድኛለሽ። ስልኳን ተቀበልኩ። ከነገ ጀምሮ በየጠዋቱ እደውልላታለሁ። እትዬ ለእኔ ያደረገችውን ለሌላ ሰው ላደርግ ነው። ዛሬ ቤቴ የገባሁት እየዘመርኩ ነው።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ከሰዓት 11፡00

እንቅልፍ 5። ኪኒን አዎ።

አልመጡም።

አጎቴ ከኩታበር አንደኛውን ኮቱን ለብሶ መጣ። እማ ከሌሊቱ ጀምሮ ዶሮ ስትሠራ ነበር፤ ነገ ጾም ስለሚገባ ቅበላውም የሽማግሌውም አንድ ላይ ይሆናል ብላ። 3 ሰዓት ቀጠሮ ነበር። 4። 5። አጎቴ በረንዳ ወጥቶ መንገዱን ያያል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። የደረጀ ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ለእትዬ ደወልኩ። አላነሳችም። ቤተ ክርስቲያን ትሆናለች አልኩ።

8 ሰዓት ላይ እማ አቀረበች። ሦስታችን በላን። እንደ ለቅሶ ቤት። ድስቱ ግማሹ እንኳ አላለቀም፤ ነገ ጾም ነው፣ ለወ/ሮ ዘይነባም አይሰጥ፣ በኛ እጅ የታረደ ነው። እማ ድስቱን ይዛ ግቢው መሐል ቆማ የት እንደምታደርገው ጠፋት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

መኪና ተበላሽቶባቸው ይሆናል። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መንገድ ተዘግቶ ይሆናል። ይሆናል።

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

እንቅልፍ 4። ኪኒን አዎ።

1፡10 አለፈ። 1፡20። 1፡40። እትዬ አልደወለችም። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

አሞት ይሆን? ስደውል ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡30

እንቅልፍ 4። ኪኒን አዎ። ስሜት፦ ምን ብዬ ልጻፍ።

ደረጀ ሱቅ መጣ። በሥራ ቀን። ጢሙን አልተላጨም። ደንበኛ ነበረች፤ እስክትወጣ ግድግዳ ተደግፎ ጠበቀ።

«ታመሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«አሁንም መድኃኒት ላይ ነሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ከሰው አፍ ሰማሁት?»

ልነግርህ ነበር አልኩት። እንዴት እንደሚያስጠላ ገባኝ፤ የተያዘ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ከማን እንደሰማ ጠየቅኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት እናቱና አክስቱ ከሐርቡ ደሴ ወጥተው ስለ እኔ ሲያጠያይቁ፣ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቤት ላካቸው። የልጅቷን ነገር እንደሷ የሚያውቅ የለም ብሎ። ወደ እትዬ ወይንሸት።

«መጀመሪያ ወርቅ ልጅ ናት ብላ አመሰገነችሽ» አለኝ ደረጀ። «ከዚያ እናቴ በእግዚአብሔር ስም ብላ ጠየቀቻት። ወንድ ልጅ ቢኖርዎ ይህችን ልጅ ያገቡለታል ወይ አለቻት።»

«ምን አለች?»

«አላገባለትም አለች አሉ። በሽታው የሚመለስ ነው፣ ስትወልድ ይብስባታል ብላ ሁሉን ነገረቻቸው። ልብሱን መቆራረጥሽን ሳይቀር።»

የስፌት መኪናውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሌላው ቀርቶ መቀሱ። ሰው ሁሉ ከበር ላይ አይቷል፤ ውስጥ ገብታ አጠገቤ የተቀመጠችው ግን እሷ ብቻ ናት።

ደረጀ ላስብበት ብሎ ሄደ። ስሜን አልጠራም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

እንቅልፍ 2። ሁለት። ኪኒን ወስጃለሁ።

ጽሑፌ ተጣሟል፤ አንቺም ታይዋለሽ። እየመጣ ነው? መጀመሪያ እንቅልፍ ነው የሚሄደው።

በየጠዋቱ ድነሻል አለችኝ። በየጠዋቱ። ስድስት ዓመት ስንት ጠዋት ነው? አንዱንም አላመነችበትም ማለት ነው? ወይስ ለእኔ ስትሆን ታምናለች፣ ለሰው ስትሆን አታምንም? በዚያች አይዞሽ ላይ ነው ሱቅ የከፈትኩት። በዚያች ላይ ነው ወንድ ቀና ብዬ ያየሁት። በዚያች ላይ ነው እግ/ር ይወደኛል ያልኩት።

ለሰናይት አልደወልኩም። ምን ልበላት።

— 5፡10። ሰናይት ራሷ ደወለች። ዛሬ አልደወልሽም፣ ደኅና ነሽ? አለችኝ። ደኅና ነኝ አልኩ። «ስንት ሰዓት ተኛሽ?» አለችኝ። ውሸት ልናገር አፌን ከፍቼ «ሁለት» አልኩ። «በቃ ሐኪሙ ጋ ሂጂ። ዛሬውኑ። እኔ ሳልሄድ ቆይቼ ነው እዚህ የደረስኩት።» አይዞሽ አላለችኝም። ሂጂ ነው ያለችው።

መሄዴ ነው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

እንቅልፍ 6፣ በሐኪሙ ተጨማሪ ኪኒን።

ሐኪሙ ትናንት ሰዓት ወስዶ ሰማኝ። ደብተሩን አገላብጦ አየ፤ ቁጥሩን ብቻ፣ ሌላውን አላነበበም። ማዘንና መታመም አንድ አይደለም አለኝ። የከዱት ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ጤነኛም ያጣል። ግን እንቅልፍ ማጣቱን ሦስተኛ ቀን እንዳታደርሺው።

ወ/ሮ ዘይነባ ትናንት ሱቄን ዘግቼ ስሄድ አይታ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት የኔን በር ጠርጋ፣ ውሃ ረጭታ አገኘኋት። «አብሽሪ» ብላኝ ወደ ሱቋ ገባች።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 10፡20

እንቅልፍ 6። ኪኒን አዎ።

እትዬ ወይንሸት ቤት ሄድኩ። ሽሮ ልትነፋ ወንፊት ይዛ በረንዳ ላይ ነበረች። ስታየኝ ወንፊቱን አስቀመጠች። ግቢ፣ ተቀመጪ አለችኝ። ቆምኩ።

«እርስዎ ነዎት የነገሯቸው?» አልኳት።

አንቺ ብዬ ነው ስድስት ዓመት የጠራኋት። እርስዎ የሚለው ቃል ከጥያቄው በላይ መታት። ፊቷ ላይ አየሁት። አየሁትና ደስ አለኝ። ይኼም ይጻፍ።

«በእግዚአብሔር ስም ጠየቁኝ፣ መስከረም። ምን ላድርግ?»

«ድነሻል ይሉኝ አልነበር? በየጠዋቱ?»

«እንድትድኚ ብዬ ነው እኮ።»

«ድኛለሁ ብለው አላመኑም?»

በነጠላዋ ጫፍ እጇን ጠረገች፤ ዱቄቱ ግን እንዳለ ነው። «እጸልይ ነበር» አለችኝ። «ማመንና መጸለይ አንዳንዴ አይገናኙም።»

ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችኝ። አስካለ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት። እንደ እኔ ታማ ነበር። ተሻላት ሲባል ደብቀው ቢስቲማ ዳሯት። ደብቁ ያለችው ራሷ እትዬ ናት። በወለደች በወሩ ተመለሰባት። የባሏ ቤተሰብ አታለላችሁን ብለው ልጁን አስቀርተው እሷን ብቻ መለሷት። ብዙም አልኖረች። «የደረጀ እናት ስትጠይቀኝ አስካለን ነው ያየሁት» አለችኝ። «አንቺን አላየሁም። እውነቴን ነው።»

አዘንኩላት። በእውነት አዘንኩላት፤ ግን ንዴቴ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ደረቴ ውስጥ ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል።

«ታዲያ መደበቅ እንዲህ እንደሚያደርግ እያወቁ፣ ለምን እኔን አትንገሪው አሉኝ? ሦስት ጊዜ ጠየቅኩዎት። ሦስት ጊዜ።»

ወንፊቱን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። «ስትስቂ አይቼሽ ስለማላውቅ» አለች። «ሰሞኑን ትስቂ ነበር። እሱን ላጠፋው ፈራሁ።»

ሄድኩ። በር ላይ ጠራችኝ፤ አልዞርኩም። ያችን የመጨረሻዋን ነገር ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ክፉ ብትሆን ቀላል ነበር።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጽዮን ማርያም

እንቅልፍ 5። ኪኒን አዎ።

ቤ/ክ ሄድኩ። ከደጀ ሰላሙ አላለፍኩም። የማኅበራችን ሴቶች እያዩኝ ነው፤ ያለቀ ነገር እንደሚያዩት። አንዷ መጥታ አቀፈችኝና አይዞሽ፣ እግ/ር ያውቃል አለችኝ፣ ክንዴን መታ መታ እያደረገች። እያለችኝ ዓይኗ ትከሻዬን አልፎ ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ቃሉን ጠላሁት። ደብተሬ፣ ኃጢአት ከሆነ ይሁን፤ ዛሬ አይዞሽ የሚለውን ቃል ጠላሁት። ሰው በር ላይ ቆሞ የሚወረውረው ነገር ሆነብኝ። ወርውሮ ይሄዳል።

ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን፣ ጌታ ሆይ አንተም እንዲሁ ነህ? አልኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ አንዲት ሴት ዞራ አየችኝ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ፣ ቀን 6፡00

እንቅልፍ 6። ኪኒን አዎ። ስሜት፦ እፍረት።

ጠዋት ለሰናይት ደወልኩ። ደስ ብሏታል። አባቷ ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጣ እንዳትውል ፈልገዋል። እሷም አስባበታለች። ጥልፍ ትችላለች፣ እናቷ ነች ያስተማረቻት። አንቺ ጋ መጥቼ ልሥራ? አለችኝ። ደመወዝ አልጠይቅሽም፣ እጄ እንዲፈታ ብቻ፣ ደሴ ዘመድ አለን፣ እዚያ አድራለሁ።

ያየሁት መቀሱን ነው። የሰው ልብስ። ሳትነግረኝ ኪኒኑን ብታቆምስ? ደንበኛ ላይ ብትጮህስ? ሁለት እብዶች አንድ ሱቅ ቢባልስ?

እና ምን አልኳት? «አይዞሽ፣ እናያለን። እግ/ር በጊዜው ያዘጋጃል። አሁን ዋናው ጤናሽ ነው።» በለሰለሰ ድምፅ።

ዘጋሁ። ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። የእኔ አልነበረም። የእትዬ ወይንሸት ነበር። ትድኛለሽ እያልኩ በየጠዋቱ የምደውልላት እኔ ነኝ፤ አጠገቤ እንዳትቀመጥ የምፈራትም እኔ ነኝ። ሁለት ሰዓት ብቻ በተኛሁ ቀን ያነሳችኝ እሷ አይደለችም እንዴ?

ዛሬ አንድም ቀሚስ አልሰፋሁ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት 10፡40

እንቅልፍ 7። ኪኒን አዎ።

ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎን ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ሁለት ጉዳይ ነበረኝ።

መጀመሪያ ደረጀ። ፋብሪካው በር ላይ ደውዬ አስጠራሁት። አጥሩ ሥር ጥላ ውስጥ ቆምን። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፦ አሥራ አንዱን ቀን፣ ልብሱን፣ ጠበሉን፣ ሆስፒታሉን፣ የኪኒኑን ስም። ሐኪሙ ስለ ወሊድ ምን እንዳለኝም። አደጋ አለው፣ ግን ክትትል ካለ ብዙዎች በሰላም ይወልዳሉ ነው ያለኝ። ለምን እንዳልነገርኩትም ነገርኩት፤ እትዬ ላይ ልጥለው ፈልጌ ነበር፣ ግን እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። አፉ የእኔ ነው።

ሲሰማኝ መሬቱን ነው የሚያየው። ስጨርስ «ሲመጣ እንዴት ነው የሚጀምረው? በምን አውቀዋለሁ?» አለኝ። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። እናቴን ላናግር አለ። ተስፋ አድርጊ አላለኝም፣ ተስፋ ቁረጪም አላለኝም።

ከዚያ ሰናይት። ቤታቸው ከቦርከና ወንዝ አይርቅም። አባቷ ሚሪንዳ አስገዙልኝ። ልጅቷን ለብቻዋ አድርጌ እውነቱን ነገርኳት፦ ማክሰኞ እናያለን ያልኩሽ ስለፈራሁሽ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ሳቀች። «እኔም እኮ ራሴን እፈራታለሁ» አለችኝ።

ተስማማን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሱቅ ትመጣለች። ጠዋት ጠዋት ስንት ሰዓት እንደተኛን እንነጋገራለን፤ ሁለታችንም፣ እውነቱን። ከአራት ሰዓት ያነሰ የተኛች መቀስ አትይዝም። ይኼ ደንብ ለእኔም ነው። ተጨባበጥን፤ እጇ ላብ ነበር፣ የእኔም።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 11፡30

እንቅልፍ 6። ኪኒን አዎ።

ደረጀ መጣ። ሰናይት ሁለት ጊዜ አይታው ወ/ሮ ዘይነባ ጋ ሄደች፤ ብልህ ናት።

እናቱ እምቢ አሉ። ካገባሃት ያጠባሁህ ጡቴ ይፋረድህ አሉት። አባቱ ከሞቱ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። «አልሻገራቸውም፣ መስከረም። ሞክሬ ነበር» አለኝ። ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ፤ አልጠረገውም። እኔ አላለቀስኩም። ስሜን መጥራቱን ግን ሰማሁ።

አይዞሽ አላለኝም። ስላላለኝ አመሰገንኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሲወጣ ቀጥ ብዬ ቁልፍ ሰፋሁ። ሦስት ቁልፍ በተሳሳተ ቦታ። ሰናይት ተመልሳ አየችው፣ በምላጭ እየፈታች አስተካከለችው። በጥንቃቄ ነው የምትፈታው፤ ጨርቁ ላይ ምልክት እንኳ አልቀረ።

እማ ማታ ምን እንደምትል አውቃለሁ። እንግዲህ ማን ያገባሻል ትላለች። እኔም አላውቅም እላታለሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

እንቅልፍ 6። ኪኒን አዎ።

የማኅበራችን አባት፣ አባ ገብረ መድኅን፣ ሱቅ መጡ። እትዬ ልካቸው ነው። እሑድ የአቡዬ ማኅበር ነው፣ ከዚያ በፊት ታርቄያት ጽዋውን በሰላም እንጠጣ ብላለች። ሌት ተቀን ታለቅሳለች አሉኝ።

መስቀሉን ተሳልሜ እውነቱን ነገርኳቸው። አባ፣ ልቤ ገና ነው። ልቤ ሳይደርስ በአፌ ብቻ ይቅር ብያለሁ ማለት አልፈልግም። በአፍ ብቻ የተባለ ነገር ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ አይቻለሁ። ግን አልሸሻትም፣ እንደማልጠላትም ይንገሯት።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «እንግዲያው ጊዜ ውሰጂ፤ ከማኅበሩ ግን እንዳትቀሪ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰናይት ዞረው ይህች ማናት አሉ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ራሷ ተናገረች። ስሟን፣ ከየት እንደመጣች፣ ሕመሟን ጭምር። ጥልፉን ሳታቆም። አባ ባረኳት። እኔ መርፌ ይዤ ቀረሁ። በሁለት ወሯ እንዲህ የምትናገር ልጅ። እኔ በስድስት ዓመቴ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡00

እንቅልፍ 7። ኪኒን አዎ። ስሜት፦ ፍርሃት፤ ግን የታመመ ፍርሃት አይደለም፣ ልዩነቱን አውቀዋለሁ።

ወስኛለሁ። ነገ ማኅበሩ ላይ፣ ጸሎቱ አልቆ ሁሉም እንደተቀመጠ፣ ተነሥቼ እናገራለሁ። እትዬ ወይንሸት እዚያው ትኖራለች። እሷን ለማሳጣት አይደለም፤ ስሟን አላነሳም። ከዚህ በኋላ ማንም ስለ እኔ ሊጠየቅ ሲል እኔ ቀድሜ የተናገርኩት እንዲሆን ነው። እዚያ ከተቀመጡት መሐል ቤቷ ውስጥ የዘጋችባት እህት ወይም ልጅ ያላት ሴት አለች፤ አሁን አሁን እርግጠኛ ነኝ። እሷም ትስማ። ሰናይት አብራኝ ትመጣለች። እማ እምቢ አለች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ ነጭ ቀሚሴን ከሣጥን አውጥታ ካውያ አሞቀች።

ምን እንደምል እዚህ ልሞክረው። እንዳይጠፋብኝ።

እኅቶቼ፣ እኔ መስከረም ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። መታመሜንም ሰምታችኋል፤ ግን ከእኔ አልሰማችሁም። ዛሬ ከእኔ ስሙት። የጀመረው እንቅልፍ ሲጠፋኝ ነው። መጀመሪያ ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም፤ ያፈርኩት ማንን እንደሆነ አላውቅም። በአራተኛው ቀን… የቀረውን ነገ ቆሜ በአፌ እጨርሰዋለሁ።